የ«ጥበብ ገርልስ» መጽሐፌን ምስጥ ጀመረው

ጥያቄ፦ የ«ጥበብ ገርልስ» የሥዕል መጽሐፍ አለኝ። ክረምት ሲገባ ገጾቹ ተጣበቁ፤ ጠርዙንም ምስጥ ጀመረው። ለታናሽ እህቴ ላቆየው እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ?
(ከመተማ ዮሐንስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በብሩክታዊት ጥጋቡ መሪነት የተፈጠሩት ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስቱ የ«ጥበብ ገርልስ» ልጃገረዶች በአኒሜሽንም ቀርበው ያለዕድሜ ጋብቻን ታግለዋል። የሚገባቸውን ያህል አልተወራላቸውምና መጽሐፉን ለማቆየት ማሰብዎ ያስደስታል።

ወረቀት እርጥበት ይመጥጣል፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ልባሱ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል። ምስጥም ወረቀቱን እንደ እንጨት ይበላዋል።

የተጣበቁትን ገጾች በጉልበት አይላጡ፤ ፀሐይ ላይም አያስጡ። ጥላ ሥር ነፋስ ያግኛቸው። መጽሐፉ ሲደርቅ የምስጡን አፈር በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉና ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬትና ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ።

ሻጋታ ካወጣ ወይም ገጾቹ አልላቀቅ ካሉ ግን የመጻሕፍት ጥገና ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው።