የጥፍር ሥር ቁስል

ማረሻ ቢዶለዱም ቀጥቃጭ ይስለዋል። ቀንበር ቢሰበር ሌላ ይጠረባል። ጣት ግን ተለዋጭ የለውም። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በጥፍር ዙሪያ ስለሚወጣ ቁስል። ቀን «ምናላት» ብለን የምናልፋት፣ ሌሊት ግን እየጠዘጠዘች እንቅልፍ የምትነሳን ቁስል ናት።

አንድ ገበሬ እንውሰድ። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ የጤፉ አረም ደርሷል። ሰውየው ሲያርም እሾህ የጥፍሩን ጎን ወጋው። በወረንጦ ነቀለው፤ እጁን በሱሪው ጠረግ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። በማግሥቱ የጥፍሩ ጠርዝ ቀላ፤ ሲነካም አመመው። በሦስተኛው ቀን አበጠ። በአራተኛው ቀን ከቆዳው ሥር ነጣ ብሎ መግል ታየ። ሌሊት እጁን ወደ ላይ ካልሰቀለ መተኛት አቃተው።

ሚስቱ፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ሂድና አሳየው!» አለችው።

«እንዴ! ለጥፍር ብዬ አረሜን ጥዬ ልሂድ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

ጎረቤትም ምክር አላጣም። አንዱ፣ «ትኩስ አዛባ ለጥፍበት፣ ይስበዋል» አለው። ሌላው፣ «በመርፌ ውጋውና ይፍሰስ» አለው። ሰውየውን ለጊዜው እዚህ ላይ እናቆየው። በጣቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንመልከት።

ጎተራ ምርጊቱ ደህና ከሆነ ነቀዝ አይገባውም። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ግን ይገባል። ጥፍርም እንደዚሁ ነው። ጥፍርን በጎንና በሥር አቅፎ የያዘው ቆዳ ምርጊቱ ነው። በአፈር ውስጥ፣ በቆዳችን ላይ፣ በአፋችንም ውስጥ ሳይቀር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ቆዳው እስካልተከፈተ ድረስ መግቢያ የላቸውም። እሾህ ይከፍተዋል፤ የእንጨት ስንጥር ይከፍተዋል። ብዙ ጊዜ ግን የምንከፍተው እኛው ነን። ጥፍራችንን በጥርሳችን እንበላለን፤ በጥፍር ጎን የተላጠችውን ቆዳ ይዘን እንቦጭቃለን። ጣቱን የሚጠባ ሕፃንም በዚሁ ምክንያት ይቆስላል።

ተሕዋስያኑ ሲገቡ ሰውነታችን ዝም አይልም። በደማችን ውስጥ ያሉ ነጭ ሕዋሳት ይዋጓቸዋል። መግል የምንለው የዚህ ውጊያ ሬሳ ነው። ሰፊ ሥጋ ላይ የወጣ ብጉንጅ ለማበጥ ቦታ አለው። በጥፍርና በቆዳ መካከል ግን ቦታ የለም። ስለዚህ ልብ በመታ ቁጥር ጣቱም አብሮ ይመታል። እጅ ሲንጠለጠል ይብሳል፤ ከፍ ሲል ረገብ ይላል።

ቁስሉ ገና ሲቀላ፣ መግል ሳይዝ፣ ሕክምናው ከቤት አይወጣም። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውሃ አፍልታችሁ አብርዱት፤ ሙቀቱ ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ይሁን። ጣቱን በዚያ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ንከሩት። ሰዓት የሌለው አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ይጠብቅ። ይህን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ አድርጉት። ጨው ጣል ቢደረግበት አይጎዳም፤ ዋናው ግን ሙቀቱ ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። መሸፈን ካስፈለገ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። አጥብቆ ማሰር ደም ያግዳል። ብዙ ቁስል በዚህ ብቻ ይመለሳል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልቀለለ ወይም መግል ከታየ ግን የቤቱ ሕክምና አብቅቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ምክር እንምጣ። ክፋት አስበው አይደለም፤ ሲደረግ ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን በከብት እበትና በአፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ይኖራል። ይህ ዘር ድርቅ ሳይገድለው በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ቁስል ላይ እበት መለጠፍ ይህን ዘር በገዛ እጅ መዝራት ነው። በሽታው መንጋጋን ይቆልፋል፤ ጀርባን ይገትራል፤ ትንፋሽን ይከለክላል፤ ይገድላል። መከላከያው ክትባት ነው።

በመርፌ መውጋቱም አይበጅም። መርፌው ወደ ጎን በመሄድ ፈንታ ወደ ውስጥ ከገባ መግሉን ወደ ጣቱ ጫፍ ሥጋ ሊያደርሰው ይችላል። ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን የሚነሰንስም አለ። ዱቄቱ ከተዘጋ ቆዳ ሥር ያለውን መግል አያገኘውም፤ ገንዘቡ ብቻ ባከነ።

«አንዲት የጣት ቁስል ይህን ሁሉ ታደርጋለች?» የሚል ሰው ይኖራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 በኦስትሪያ ከተማ በቪየና የሆነውን እንንገረው። ኮሌችካ የሚባል ሐኪም ሬሳ ሲመረምር ሳለ የተማሪው ቢላ ጣቱን ነካው። ከዚያች ጭረት በተነሳ መመረዝ ሐኪሙ ሞተ። ወዳጁ ዶክተር ዜመልዋይስ የሞቱን ሁኔታ ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ፤ በሆስፒታሉ ወላዶችን የሚፈጀው በሽታም ይኸው ነበር። ሐኪሞቹ ከሬሳ ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ኖሯል። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በእሱ ክፍል ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። ሐኪሞቹ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ካደረገ በኋላ፣ በሰኔ ወር የሞቱት ከ100 ወደ 2 ወረዱ። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን አልነበረም። የሠራው እጅ መታጠብ ነው።

ወደ ገበሬው እንመለስ። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ አሸነፈች፤ ጤና ኬላ ሄደ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይህ መግል ይዟል። እኔ ጋ የሚያልቅ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ይሂዱ» አለችው።

«አረሙስ፣ ልጄ?»

«ጣትዎ ከጠና በአንድ እጅ ሊያርሙ ነው?»

ጤና ጣቢያ ጣቱን አደነዘዙለት። በንጹሕ መሣሪያ የቆዳውን ጠርዝ ከጥፍሩ ላይ ቀስ አድርገው አነሡት፤ መግሉ ወጣ። ጥዝጣዜው እዚያው ቀለለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተቡንም ጠየቁት። እንክብል ለሁሉም አይሰጥም፤ ከተሰጠ ግን ስለተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ወይም ለጎረቤት ማካፈል አይገባም።

አንድ ቀን እንኳ የማያስጠብቁ ምልክቶች አሉ። ከጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ከታየ፣ ብብት ሥር ንፍፊት ከወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ ጉዞው በዚያው ቀን ይሁን። ጣቱ ሙሉውን አብጦ ሲዘረጋ የሚያም ከሆነ መግሉ ጅማት ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ይህ ከዘገየ ጣት ዳግመኛ አይታጠፍም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እነዚህን ምልክቶች እስኪያይ አይጠብቅ፤ ገና ሲቀላ ይሂድ። መግል ሳይሆን ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች ከወጡም አትቅደዷቸው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ለሐኪም ይታይ።

ሌላው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በብዛት የሚያገኘው ሴቶችን ነው። ሊጥ ማቡካት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ዕቃና ልብስ ማጠብ፤ እጅ ከጠዋት እስከ ማታ ከእርጥበት አይወጣም። ያ ምርጊት ያልነው ቆዳ በውሃና በሳሙና ይረግብና ከጥፍሩ ይለቃል። የጥፍሩ ሥር ያብጣል፤ ጥፍሩም ይጎረብጣል። ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሻጋታ ዘር ስለሚያድርበት የመግል እንክብል አያድነውም። ይህኛው በሙቅ ውሃ አይነከርም፤ መድኃኒቱ ድርቀት ነው። እጅ በረጠበ ቁጥር እስከ ጣቶች መካከል ድረስ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጓንት ከተገኘ ከሥሩ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይደረግ። ጤና ጣቢያም የሚቀባ ቅባት ይሰጣል። ግን ቅባቱን ቀብታ ወዲያው ወደ ማጠቢያው ከተመለሰች ምን ዋጋ አለው? ባል ለጥቂት ሳምንታት ልብሱን ቢያጥብ እጁ አይወድቅም።

ጥፍር ሲቆረጥ ከታጠበ በኋላ ለስለስ ሲል ይቆረጥ፤ ወደ ጎን ሥጋው ድረስ አይገባበት። ምላጭም የየራስ ይሁን።

ገበሬያችን በሦስተኛው ቀን ወደ አረሙ ተመለሰ። ጣቱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ አረሙን በሌላኛው እጁ እየነቀለ። የተጎዳው ጥፍር በኋላ ለቀቀ። አዲስ ጥፍር ከሥሩ ተነሥቶ ጫፍ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ፣ የካቲት ላይ ጥፍሩም ደረሰ።