በኪራይ ግቢ ውስጥ ወንጀልን ስለ መከላከል

ወንጀልን ስለ መከላከል በተነገረ ቁጥር አብዛኞቻችን የምናስበው ፖሊስን፤ ፍርድ ቤትንና ወህኒ ቤትን ነው። ይሁን እንጂ ፖሊስ የሚጠራው ዕቃው ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ዳኛም የሚፈርደው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ሲሆን፤ ለምሳሌ የምንወስደውም ብዙዎቻችን የምናውቀውን የወልቂጤን የኪራይ ግቢ ነው።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። መንገደኛ ያድርባታል፤ ነጋዴ ይመላለስባታል። በጉብርዬ የተሠራው ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ተማሪው፤ መምህሩና ሠራተኛው ከየአገሩ እየመጣ ቤት ፈላጊው በዝቷል። ባለ ቤቶችም በግቢያቸው ውስጥ ክፍል በክፍል ላይ እየቀጠሉ ያከራያሉ።

የግቢው አሠራር የታወቀ ነው። አንድ የውጭ በር፤ አንድ ቧንቧ፤ አንድ መጸዳጃ ቤት፤ በረድፍ የተሠሩ ስድስት ወይም ስምንት ክፍሎች። ተከራዩ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። ቤቱን የለቀቀው ሰው ቁልፉን ቢመልስም ሌላ ቅጂ ማስቀረት አለማስቀረቱን የሚያጣራ የለም። ከገመድ ላይ ልብስ የሚያነሣ ሰው ቢታይ «የራሱ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። እንግዲህ ሌባውን የሚረዳው ጨለማው ብቻ አይደለም፤ የእኛም አለመተዋወቅ ነው። አጥር መዝለል ሳያስፈልገው በበሩ ገብቶ፤ ሰላምታ ሰጥቶ፤ የፈለገውን ይዞ ይወጣልና።

መልሱን ከሩቅ አገር ከመፈለጋችን በፊት ከከተማዋ ወጣ ብለን የጉራጌን መንደር እንመልከት። ቤቶቹ በሰፊው ጀፎረ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፤ ደጃቸውን ወደ ጀፎረው አዙረው ይሠራሉ። ጀፎረው መንገድ ብቻ አይደለም። ከብት ይሰማራበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይሆንበታል። ማንም አጥሮ የግሉ እንዳያደርገው ባህላዊው ሕግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይታያል፤ ሰላምታም ይለዋወጣል። ጥበቃው ዘበኛ ሳይቀጠርለት ከኑሮው ይገኛል።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ወደዚህ አሳብ ደርሰዋል። ጄን ጄኮብስ በ1961 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመችው መጽሐፍ የከተማን መንገድ ሰላም በመጀመሪያ የሚጠብቀው በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ዓይን መሆኑን አስረዳች። ከዚያም የሥነ ሕንፃ ሊቁ ኦስካር ኒውማን፤ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበሩትን የፕሩት አይጎ የኪራይ ቤቶች አጠና። እነዚህም 33 ሕንፃዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ነበሩ። ሃያ ያህል ቤተሰብ የሚጋራው መተላለፊያ ተበላሽቶ ሲገኝ፤ ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚካፈሉት የደረጃ አፍ ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የነዋሪዎቹ ድኽነት አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ቤተሰቦች መተዋወቃቸው ነው። ሕንፃዎቹን ማፍረስ የተጀመረው በ1972 ነበር።

ነገር ግን መተያየት ሌላ ነው፤ መሰለል ሌላ ነው። ይህንን አገራችን በመከራ ተምራዋለች። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ቀበሌዎች ያስተዳድሩ ጀመር። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ያው የሠፈር ጥበቃ የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ አያሌ ወጣቶች ከየቤታቸው ተወስደው ቀሩ። ስለዚህ ልንጠባበቅ የሚገባን ድርጊትን እንጂ የሰውን ትውልድ፤ ሃይማኖት ወይም አሳብ አይደለም።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን መከበር፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አለመቆጠሩን ይደነግጋል። እንግዲህ አከራይም ቢሆን ባለ ቤት ነኝ ብሎ የተከራይን ክፍል ያለ ፈቃድ ሊከፍት አይገባውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፤ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ በሌላውም ስፍራ ቢሆን በጽሑፍ መዋዋልን የሚከለክል የለም።

ከዚህ የተነሣ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

በአንደኛ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ቁልፍ እንደ ተሰጠም ይጻፍበት። ተከራይ በለቀቀ ጊዜ ቁልፉ ይለወጥ።

በሁለተኛ፤ በውጭው በርና በመጸዳጃው መንገድ መብራት ይኑር። የአንድ አምፖል ዋጋ ለስምንት ሲካፈል ማንንም አይጎዳም። ማታ በሩን የሚዘጋው ሰው በተራ ይታወቅ።

በሦስተኛ፤ የግቢው ሰው ቢያንስ በወር አንድ ቀን ቡና አፍልቶ ይገናኝ፤ ስልክም ይለዋወጥ። እያንዳንዱም የኮምፒውተሩንና የስልኩን መለያ ቁጥር ጽፎ ይያዝ፤ ዕቃው ቢገኝ የራሱ መሆኑን የሚያስረዳው ይኸው ነውና።

በአራተኛ፤ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ለፖሊስ ይነገር። በመጨረሻ የገባውን ተከራይ ወይም አነጋገሩ ከሌላ አገር የሆነውን መርጦ መጠርጠር፤ ክፍሉን መበርበር፤ ከዚያም አልፎ መደብደብ፤ አንድ ወንጀል የነበረውን ሁለት ያደርገዋል። እውነተኛው ሌባ ግን በዚያ መካከል ያመልጣል።

«የምንቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ ምን አገባን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይህ አሳብ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ካለ፤ ግቢው ስምንት ሰው እያለበት ባዶ ነው ማለት ነው። ከዘመድ ርቆ ለተቀመጠ ተማሪ ሌሊት ቢታመም ወይም በሩ ቢሰበር ቀድሞ የሚደርስለት ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል መባሉም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የጎረቤቱን ስም እስከ ዛሬ ያልጠየቀ ካለ፤ የመከላከሉ ሥራ ከዚያ ይጀምራል።