ወተት ለሰው ሁሉ ይስማማልን?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ወተት የቀረበለት እንግዳ «አይስማማኝም» ቢል አስተናጋጁን ቅር ያሰኛል፤ ልጅ ሲለው ደግሞ ቅብጠት ይባላል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ከወላጆች የሚወረስ የሰውነት ጠባይ ነው።

በወተት ውስጥ ላክቶዝ የሚባል ስኳር አለ። ሕፃን ሲወለድ ይህን ስኳር የሚከፋፍል ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በቀጭኑ አንጀቱ ውስጥ ይኖረዋል። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ኢንዛይሙ እያነሰ ይሄዳል። ያልተከፋፈለውም ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በባክቴሪያዎች ሲብላላ ሆድን ይነፋል፤ ቁርጠትና ተቅማጥም ያመጣል። በሌሎች ሰዎች ግን ኢንዛይሙ እስከ እርጅና ይዘልቃል። ይህንንም የምታደርገው በኢንዛይሙ ጂን አጠገብ የምትገኝ፣ አንዲት ፊደል የምታህል ለውጥ ናት።

ጾም ሲፈታ የሚመጣውን የሆድ መነፋት በጾሙ የሚያሳብቡ አሉ። ጾም የወረሱትን ጂን አይለውጥም፤ ከብዙ ቀን በኋላ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጠጣት ግን ሆድን ያውካል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የፊንላንድ ቤተሰቦችን የመረመሩ ሊቃውንት የአውሮፓውያንን ለውጥ አገኙ። በ2007 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ሌሎች ለውጦች ተገኙ፤ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ልዩ ልዩ ለውጦች እንዳሉ አሳየ። የአውሮፓው በእኛ ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ በውጭ አገር ምራቅን ተቀብለው «ይህን ብላ፣ ያን ተው» የሚሉ የጂን መርማሪ ድርጅቶች በዝተዋል። የአውሮፓውን ምልክት ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ወተት የሚስማማውን ኢትዮጵያዊ «አይስማማህም» ሊለው ይችላልና፣ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘባቸውን ሳይከፍሉ የትኛው ምልክት እንደሚመረመር ይጠይቁ።

እዚህ ላለነው ግን የራስን ሆድ መታዘብ ይሻላል፤ ዋጋም የለውም። ወተት የሚያስቸግረው ሰው ለጥቂት ቀን ትቶት ይመልከት፤ ከዚያም ከምግብ ጋር ጥቂት በጥቂት ይሞክር። ብዙዎች አንድ ብርጭቆ ያህል ይችላሉ። እርጎ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ አይብ ሲወጣም ብዙው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይቀራል። በቅቤማ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ ስኳር የለም።

ይሁን እንጂ መርጋት ማፍላትን አይተካም። ጥሬ ወተት ቢረጋም የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። አስቀድሞ ማፍላት፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ከተፈላ ወተት በተሠራ እርጎ ማርጋት ይገባል።

ተቅማጡ ደም ያለበት ወይም ሰውነትን የሚያከሳ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የሚጠባ ሕፃን ቢያስቀምጠው ጡት መከልከል አይገባም።