ዘግይታ ገብታ ጠቡን የገላገለችው ተዋናይት

«ለእኔስ ረፍዷል» የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለእይታ የበቃውን «ሬድ ሪቨር» የተሰኘ የካውቦይ ፊልም ፈልጋችሁ እዩ። ፊልሙ ከተጋመሰም በኋላ ተዋናይቷ ጆአን ድሩ ገና ብቅ አላለችም። ዓይናችሁ ሁለቱ ኮከቦች፣ ጆን ዌይንና ሞንትጎመሪ ክሊፍት ላይ እንደተተከለ ነው። ከዚያ በጥቃት መሃል ያለ የጋሪ ጉዞ ይመጣል፣ እሷም ትመጣለች። ፍላጻ ትከሻዋን ወግቶ ከጋሪው ጋር ሲያጣብቃት አትጮህም፤ ከክሊፍት ጋር የጀመረችውን ወሬ ትቀጥላለች! ፍላጻው ሲወጣላት ክሊፍትን በጥፊ ታጮለውና ራሷን ትስታለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይረሳታል?

ይህን ቦታ ያገኘችው ተጠርታ አይደለም፤ ተተክታ ነው። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ያሰባት ማርጋሬት ሸሪዳንን ነበር። ሸሪዳን ስታረግዝ ሚናው ለድሩ ደረሰ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ድሩ ግን መቀነቷን ቀደም ብላ አጥብቃለች። ከዌስት ቨርጂኒያ ኒው ዮርክ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በዘፋኙ አል ጆልሰን የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ትርዒት ከአጃቢ ልጃገረዶች ረድፍ ተሰልፋለች። ሞዴል ሆናለች፣ ቴአትር ሠርታለች። የመጀመሪያ ፊልሟ ሳይሳካ ቢቀርም ሙያውን አልተወችም።

«ሬድ ሪቨር» በር ከፈተላት። በ1949 የዳይሬክተር ጆን ፎርድን «ሺ ዎር ኤ የሎ ሪበን»፣ በ1950 ደግሞ «ዋገን ማስተር»ን ሠራች። በዚህኛው የተጓዥ ትርዒት ቡድን አባል ናት፤ የመድረክ ልምዷ እዚህም ተከተላት። በመሃሉ በ«ኦል ዘ ኪንግስ ሜን» የደጋፊነት ሚና ነበራት፤ ፊልሙም የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ይህች የካውቦይ ፊልም ፊት ፈረስ አትወድም ነበር! የገጠር ቀሚስ አንዴ ከለበሱ ከዚያ መውጣት እንደሚቸግር ራሷ ተናግራለች። ቢሆንም ካሜራው ሲዞር ያ ቅሬታ ፊቷ ላይ አይነበብም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የሥራችሁን ሁሉ ነገር እስክትወዱ አትጠብቁ። የምትወዱትን ክፍል ያዙና በእሱ ጎበዙ። የሰው ምትክ ሆናችሁ ከገባችሁም አንገታችሁን አትድፉ፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። ነገ ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ቢሰጣችሁ፣ ያቺን አምስት ደቂቃ ዛሬ ማታ ተዘጋጁባት።

«ሬድ ሪቨር» እንዴት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ? ሁለቱ ኮከቦች በቡጢ ሲፋለሙ ሽጉጥ ተኩሳ፣ ሁለቱንም ተቆጥታ የምትገላግላቸው እሷ ናት። መጨረሻ የመጣችው መጨረሻውን ወሰነችው። እናንተም ግቡ!