ከጣና ደንገል የተሠሩ ሁለት የሸራ ጀልባዎች፦ የመጠንና የዓላማ ንጽጽር

መግቢያ

የቆቦና የራያ ቆላ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ሐይቅ የለውም። ውኃው ከምዕራብ ተራሮች በጎርፍ ወርዶ ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል። ስለ ሸራ ጀልባ የሚቀርብ ንጽጽር ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም በስፋት ከተከታተላቸው የባሕር ጉዞ ሙከራዎች መካከል ሁለቱ የተከናወኑት በዚሁ በአማራ ክልል ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ»ን፣ በ1970 ደግሞ «ራ ሁለት»ን አሠርተው ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥተዋል። የመጀመሪያዋ 15 ሜትር፣ ሁለተኛዋ 12 ሜትር ያህል ትረዝም ነበር። ካሰበችው ወደብ የደረሰችው አጭሯ ናት። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ይመረምራል።

የመጠን ሕግ

ውኃን እየገፋች የምትሄድ ጀልባ ሞገድ ታስነሣለች፤ ፍጥነቷ ሲጨምር ሞገዱም ይረዝማል። የሞገዱ ርዝመት ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ሲተካከል፣ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ይከብዳል። በተለመደው ቀመር ይህ የፍጥነት ወሰን በሰዓት ኪሎ ሜትር ሲገለጽ፣ ውኃ የሚነካው ርዝመት (በሜትር) ዳግም ዘሩ ተወስዶ በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በዚህ መሠረት የ4 ሜትር ጀልባ ወሰን 9 ኪሎ ሜትር፣ የ9 ሜትር ጀልባ ደግሞ 13.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ትልቅነት ሌላም ጥቅም አለው። የአንዲት ጀልባ ልኬት ሁሉ በእጥፍ ቢያድግ የሸራዋ ስፋት 4 እጥፍ፣ ነፋሱ ወደ ጎን የሚያጋድልበት ጉልበት 8 እጥፍ ይሆናል፤ ራሷን የምታቀናበት ጉልበት ግን 16 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ትልቋ ጀልባ በብርቱ ነፋስ ጸንታ ስትቆም ትንሿ ሸራዋን ቀድማ ማጠፍ አለባት። በአንጻሩ ሸራውን የሚጎትተው የሰው ክንድ አብሮ በእጥፍ አያድግም። ትንሿን ጥቂት ሰዎች ያዙባታል፤ ወጪዋም ያነሰ ነው።

ውድድርና ጉዞ

የውድድር ሕግ የመጠንን ብልጫ ስለሚያውቅ የተለያየ መጠን ያላቸው ጀልባዎች አብረው ሲወዳደሩ ጊዜያቸውን በማካካሻ ያስተካክላል። ለምሳሌ ያህል የትልቋ ማካካሻ 1.10፣ የትንሿ 0.95 ነው እንበል። ትልቋ በ100 ደቂቃ፣ ትንሿ በ115 ደቂቃ ቢገቡ፣ የተስተካከለው ጊዜ 110 እና 109.25 ይሆናል፤ ኋላ የገባችው ታሸንፋለች። እንዲህ ባለው ውድድር የሚጠየቀው ጀልባዋ ከመጠኗ አንጻር ምን ያህል ፈጠነች የሚለው ነው። በረዥም ጉዞ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ተጓዦቿንና ጭነቷን ይዛ ትደርሳለች ወይ የሚለው ነው።

ራ እና ራ ሁለት

ራ በግብፅ በፒራሚዶቹ አጠገብ የተሠራችው ከቻድ ሐይቅ በመጡ የደንገል ጀልባ ባለሙያዎች ነው። በ8 ሳምንት ገደማ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውኃ ጠጥቶ ሰመጠ፤ ማሰሪያዎቿ ላሉ፤ ተጓዦቹም ባርባዶስ ሳይደርሱ ጥለዋት ለመውጣት ተገደዱ። ራ ሁለትን ግን በሳፊ የሠሯት በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ የአይማራ ባለሙያዎች ናቸው። ደንገሉን በሁለት ታላላቅ ጥቅል አሰናድተው፣ በመካከላቸው ካለ ቀጭን ጥቅል ጋር ዙሪያውን በተጠመጠመ ገመድ አጥብቀው አሰሩት። ይህች ጀልባ ወደ 6,100 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ57 ቀን ጨርሳ ባርባዶስ ገባች። ዛሬ በኦስሎ በኮን ቲኪ ሙዚየም ትገኛለች።

ስሌቱ ሲታይ፣ የጀልባዎቹ ሙሉ ርዝመት ውኃ ነክቶ ነበር ብንል እንኳ የራ የፍጥነት ወሰን በሰዓት ወደ 17.4፣ የራ ሁለት ወደ 15.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አማካይ ጉዟቸው ግን በቅደም ተከተል በሰዓት ወደ 3.7 እና 4.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከዚህም የተወሰነው የውቅያኖሱ ሞገደ ጅረት የሰጣቸው እንጂ የሸራቸው ብቻ አይደለም። ሁለቱም ከወሰናቸው እጅግ በታች ስለ ተጓዙ የ3 ሜትሩ ልዩነት ፍጥነታቸውን አልወሰነም። በሁለት የተለያዩ ዓመታት የተደረገ ጉዞ እንደ ውድድር ሊቆጠር አይገባም፤ ነፋሱና ማዕበሉ አንድ አልነበረምና። ይሁን እንጂ የራ መጨረሻ የመጣው ከርዝመቷ ሳይሆን ከአሠራሯ፣ ይኸውም ከኋላ ክፍሏ ድካምና ከማሰሪያዋ መላላት ነው።

የጣና ታንኳ ምስክርነት

ደንገል ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ተክል ስለ ሆነ ውኃ ይጠጣል። ይህን የጣና ባለ ታንኳዎች፣ በተለይም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥተው ያደርቃሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ የሚቀዝፋት ትንሽ ታንኳ በቀላሉ ትወጣለች፤ እንጨት የሚጫንባት ትልቅ ታንኳ ግን ብዙ ክንድ ትሻለች። ስለዚህ በደንገል ሥራ መጠን የሚለካው በጭነት ብቻ አይደለም፤ ጀልባዋን ለማድረቅና ለመጠገን በሚቻልበት አቅምም ነው። በውቅያኖስ መካከል ማድረቂያ የለምና፣ የቀረው መጠበቂያ ጥብቅ አስተሳሰር ብቻ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ንጽጽር ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የመጠን ቀመር የሚነግረን የሚቻለውን ጣሪያ እንጂ የሚሆነውን አይደለም፤ ተመራማሪ ቀመሩን ከመጠቀሙ በፊት ሥራውን በእውነት የሚገድበው ምን እንደ ሆነ መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ ዓላማው ሳይታወቅ «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። ይህ በራያ ቆላም ይሠራል። ጎርፍን ወደ ማሳ ለመመለስ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ የሚሠራው መከተሪያ እና በኮንክሪት የሚገነባው ታላቅ መጥለፊያ ሲወዳደሩ፣ የሚይዙት የውኃ መጠን ብቻውን አይበቃም፤ ደለል ሲሞላቸው ማን፣ በምን አቅም፣ በስንት ቀን እንደሚጠግናቸውም በንጽጽሩ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።