ሳያጨሱ በጭስ መታመም

ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ራሱን እንደሚጎዳ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሲስለው፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው እናያለን። ብዙ ሰው ያልተረዳው ግን ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሲያጨስ አብረውት የተቀመጡት ሁሉ ያጨሳሉ። ሲጃራ በእጃቸው ሳይዙ፣ ጋያ ወደ አፋቸው ሳያስጠጉ ጭሱ ሳምባቸው ውስጥ ይገባል። ይህ ትምህርት ስለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። መሽቷል፤ ብርድ ስለሆነ በሩ ተዘግቷል። አባወራው እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሲጃራውን በፍም ይለኩሳል። እናት ራት ታቀርባለች። ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ተኝቷል። አያት ጥግ ይዘው ፀሎታቸውን ያደርሳሉ። የሚያጨሰው አንድ ሰው ነው፤ ጭሱን የሚስቡት ግን አራት ናቸው።

ከአንድ ሲጃራ ሁለት ዓይነት ጭስ ይወጣል። አንደኛው አጫሹ ወደ ውስጥ ስቦ መልሶ የሚያስወጣው ነው። ሁለተኛው ሲጃራው በጣቱ መካከል እንዳለ ከሚነደው ጫፍ የሚትጎለጎለው ነው። ሁለተኛው እንዲያውም መርዙ የበረታ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ጎጆውን ይሞላሉ።

በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7000 በላይ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር ያመጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውም መርዝ አለበት። ይህ መርዝ መልክ የለውም፤ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው። በትምባሆ ጭስ ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ ደማችን ንጹሕ አየር ተሸክሞ እንዳይዘዋወር ያውካል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ሕፃን ነው። ለምን ቢባል፣ ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። አዋቂ ጭስ ቢያስቸግረው ተነስቶ ይወጣል፤ ሕፃን ግን ባስቀመጡት ቦታ ይቀራል። ጭስ በሚበዛበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ሳምባ ምችና የጆሮ ሕመም ይበዛባቸዋል። አስም ያለበት ልጅ ይብስበታል። ገና ጥቂት ወራት የሆነው ሕፃን በተኛበት በድንገት የመሞቱ አደጋም ከፍ ይላል። እርጉዝ ሴት ጭሱን ስትስብ ደግሞ ልጁ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

አዋቂዎችም አይድኑም። የሌላ ሰው ጭስ የልብ በሽታ፣ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም መርጋት፣ የሳምባ ካንሰርም ያመጣል። ታኬሺ ሂራያማ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ራሳቸው የማያጨሱ ከ91000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታተሉ። ውጤቱን በ1973 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1981) አወጡ። ባል የሚያጨሰው በበዛ ቁጥር በሳምባ ካንሰር የሚሞቱት ሚስቶችም በዝተው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሌላ ሰው ጭስ ሳቢያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

አንዳንድ ሰው፣ «እኛ በእንጨትና በኩበት ጭስ ያደግን ነን፤ የሲጃራ ጭስ ምን ያደርገናል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የምድጃውም ጭስ ይጎዳል የሚል ነው። ዓይን ያጠፋል፤ ሳምባ ያሳምማል። ስለዚህ ማጀቱን ከመኝታው መለየት፣ እንጨቱን ማድረቅ፣ ለጭሱ መውጫ ማበጀት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሳይበስል አይበላምና እሳቱን አንተወውም። ትምባሆውን ግን ዛሬውኑ ከቤት ማስወጣት ይቻላል። በጭስ ላይ ጭስ ለምን እንጨምራለን?

ሌላው ደግሞ፣ «በሩን ከፍቼ ነው የማጨሰው» ይላል። በር መክፈት ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የጋያው ውሃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በቤት ውስጥ ማንም እንዳያጨስ ቤተሰቡ ተመካክሮ ይወስን። ውሳኔው የአባወራውም የእማወራዋም ይሁን።

ሁለተኛ፣ ማጨስ ያልተወ ሰው ከቤት ርቆ ያጭስ። በደጃፍ ላይ ቢቆም ጭሱ ተመልሶ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሲመለስ እጁን ይታጠብ። ጭሱ የጠገበውን ጋቢ አውልቆ ልጁን ይቀፍ። መርዙ በልብስ ላይ ይቀራልና።

አራተኛ፣ እንግዳን በክብር እናስረዳ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ቤታችን መጥቶ ሲጃራ ሲያወጣ «አያጭሱ» ማለት ያሳፍራል። ታዲያ ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ እናውጣና፣ «አባባ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፤ እዚህ ነፋሻው ላይ ይቀመጡልን፤ ፍሙንም እናመጣልዎታለን» እንበል። እንግዳው አይዋረድም። ልጁም ይድናል።

አምስተኛ፣ መብታችንን እንወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ በአውቶቡስ ውስጥ «ወንድሜ፣ እባክህ አጥፋው» ማለት ጠብ መፈለግ አይደለም። ሕግ ማስከበር ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ማጨስን ጨርሶ መተው ነው። መተው ከባድ ነው፤ ኒኮቲን የሚባለው የትምባሆው ቅመም ሱስ ያሲዛል። ለመተው የሚታገለውን ሰው አንሳቅበት፤ እናበርታው። ጤና ጣቢያ ሄዶም ምክር ይጠይቅ። የተወ ሰው የሚያድነው የራሱን ሳምባ ብቻ አይደለም፤ እሳት ዳር አብረውት የሚያመሹትን ሁሉ ነው።

ጥያቄዎች

1. ከአንድ ሲጃራ የሚወጡት ሁለቱ ጭሶች የትኞቹ ናቸው?
2. ጭስ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃንን የሚጎዳው ለምንድን ነው?
3. በር ከፍቶ ማጨስ ለምን አይበቃም?
4. በቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ቢኖር እንዴት ብላችሁ ታስረዱታላችሁ? ተወያዩበት።