የዱር አራዊትና የዕፀዋት ሥዕል ምስክርነት

የዱር አውሬን ወይም የሩቅ አገርን ዕፅ በሥዕል የሚያሳይ ሰው ከምስክር ይቈጠራል። ተመልካቹ ወደ ዱሩ ሄዶ ለማየት ስለማይችል፥ በሠዓሊው ዓይን አይቶ የሠዓሊውን ቃል አምኖ ይቀበላልና። ስለዚህ የሚመረመረው የእጁ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ያየውን ካላየው ለይቶ መናገሩም ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን የእስክንድርያው ነጋዴ ቆዝሞስ ነው። ይህ ሰው በ525 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ለመዝመት በሚዘጋጅበት ወራት በአዱሊስ ነበረ፤ በኋላም ስለ ዓለም አቀማመጥ በጽርዕ ቋንቋ መጽሐፍ ጻፈ። ምድር ዝርግ ናት ብሎ በመከራከሩ ሊቃውንት ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም የሚገባው ነው። ስለ አራዊት በተናገረበት ክፍል ግን ንጹሕ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን። አውራሪስን በኢትዮጵያ በሕይወቱ ሳለ ከሩቅ እንዳየው፥ ደግሞም ቆዳው ተገፎ ገለባ ተሞልቶ በንጉሡ ቤት ቆሞ እንዳየውና በዚህ ምክንያት አስተካክሎ እንደ ሣለው ይናገራል። አገሬው የሚጠራበትን ስም ሰምቶ፥ አርዌ ሐሪስ የሚለውን በጽርዕ ፊደል ጽፎታል። አርዌ አውሬ፥ ሐሪስም ማረስ እንደ ሆነ ለግእዝ ተማሪ ግልጥ ነው፤ ዛሬ አውራሪስ የምንለውም ከዚሁ የወጣ ስም ነው።

ወደ ባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ በደረሰ ጊዜ ግን ቃሉን ለወጠ። እንስሳውን በዓይኑ እንዳላየው፥ ነገር ግን በኢትዮጵያ ንጉሥ ባለ አራት ግንብ ቤተ መንግሥት የቆሙትን አራት የናስ ምስሎች አይቶ ከእነርሱ እንደ ሣለው ገልጦ ጻፈ። ዘአሐዱ ቀርኑ ዳዊት የሚደግም ሁሉ የሚያውቀው ስም ነውና፥ ቆዝሞስ አይቼዋለሁ ቢል ኖሮ ማን ይከራከረው ነበር?

በ1515 ከሕንድ አንድ አውራሪስ በመርከብ ተጭኖ ሊዝቦን ገባ። የጀርመኑ ታላቅ ሠዓሊ አልብሬክት ዲዩረር እንስሳውን ሳያይ፥ በኑረንበርግ ተቀምጦ፥ ከመጣለት ደብዳቤና ንድፍ ሣለው፤ በእንጨትም አስቀርጾ አሳተመው። ቆዳውን እንደ ጥሩር አደረገው፤ በጫንቃውም ላይ የሌለውን ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ከሥዕሉ በላይ ባለው ጽሑፍ የእንስሳው መልክ ይህ ነው ተባለ እንጂ ሠዓሊው አለማየቱ አልተነገረም። በእጅ ሥራ ቆዝሞስ ከዲዩረር አጠገብ የሚቆም አይደለም። ይሁን እንጂ ያ የጫንቃ ቀንድ ከ200 ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖረ፤ ያመኑትም ሰዎች የታመኑ ሊቃውንት ነበሩ።

ሥዕሉ እውነተኛ ሆኖ የምስክሩ ስም የሚሰወርበት ጊዜም አለ። ጄምስ ብሩስ የኢትዮጵያን ጉዞውን በ1790 ባሳተመ ጊዜ፥ ኮሶንና ሌሎችን የአገራችንን ዕፀዋት በሥዕል አሳይቷል። አብሮት የመጣውና ዕፀዋቱን ሲሥል የነበረው የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበረ፤ እርሱም በጎንደር ሞቶ ቀረ። ብሩስ ግን ሥራው የራሱ እንዲመስል አድርጎ አቀረበው፤ የባሉጋኒ እጅ መሆኑ የታወቀው በኋላ ንድፎቹ ሲመረመሩ ነው።

ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው መሣሪያው አይዋሽም ብሎ ያምናል። በ2009 በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውድድር፥ በሌሊት የእንጨት በር ዘልሎ የሚያልፍ ተኵላ ፎቶግራፍ አንደኛ ወጣ። በ2010 ግን ዳኞቹ ተኵላው ሰው ያለመደው ሳይሆን አይቀርም ብለው፥ አንሺው ቢክድም፥ ሽልማቱን ነሡት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በፎቶግራፉ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልተገኘም። የተነቀፈው የዱር ነው መባሉ ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ከብዙ ሥዕሎች አውጣጥቶ ማንም ያላየውን አውሬ ፎቶግራፍ አስመስሎ ይሠራል። ይህ ከዲዩረር ሥራ ይብሳል፤ ዲዩረር ቢያንስ አንድ ያየ ሰው ደብዳቤ ነበረው። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የፍጥረትን ሥዕል የምትመርጡ መምህራን፥ ውበቱን ከማድነቃችሁ በፊት ማን፥ የት እንዳየው ጠይቁ። ዋልያን የሣለው ሰው ወደ ሰሜን ተራራ ወጥቶ ያላየ እንደ ሆነ፥ ከማን እንደ ገለበጠው ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ፤ አንድ መስመር ይበቃዋል።